አሥራ ሁለተኛዋ ስፒል

(ደሴ፣ ፒያሳ፣ ምሳ ሰዓት እንዳለፈ፤ ልብስ ሰፊዋ ተዋበች ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ከቤቷ ወጥታ የጎረቤቷ የዘይነባ ባል እንድሪስ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገብታለች፤ ሦስት ካውያ ባንኮኒው ላይ አስደርድራ አንዱንም ገና አልነካችም።)

ተዋበች፦ ትንሹን አልኩህ እኮ እንድሪስ። ትልቁን ደግሞ ለምን ታወርድልኛለህ?

እንድሪስ፦ ቀስ በይ እንጂ። ሃያ ዓመት ሙሉ በከሰል ካውያ ስትተኩሺ ኖረሽ፣ እኔ ኤሌክትሪክ ግዢ ስልሽ ስትስቂብኝ ኖረሽ፣ ዛሬ እየሮጥሽ መጥተሽ የእንፋሎት ትያለሽ። ቢያንስ ልደነቅ።

ተዋበች፦ ተደነቅ፤ ግን እጅህ አይቁም። ድሪቶ ነው የምተኩስበት። አንዷ ቁራጭ የመዳፌን ግማሽ ታክላለች። ትልቅ ካውያ አንዱን ስፌት ሲያቃና ጎረቤቱን ያጣምመዋል። አፍንጫው ሹል ይሁን፣ እንፋሎት ይትፋ፣ ቶሎ ይጋል። ሌላውን እኔ አየዋለሁ።

እንድሪስ፦ እንግዲህ ስሚ። ይሄ ሰማያዊው ከባድ ነው፣ ለሱሪና ለኮት አንደኛ ነው። ይሄ እጀታው የሚታጠፈው መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ የሚወረውረው ነው። ይሄ ነጩ ደግሞ ከጡጫሽ አይበልጥም፤ ውሃውም ሁለት ሲኒ ቢሆን ነው። የቧንቧ ውሃ እንዳለ ከጨመርሽበት ግን ኖራው ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ በነጭ ጨርቅ አጥልለሽ ነው የምትሞዪው።

ተዋበች፦ ገባኝ። ሦስቱንም ሰካልኝ፣ መብራት ሳይሄድ።

እንድሪስ፦ እሰካለሁ። እስኪግሉ ተቀመጪና ሻይ ላስመጣልሽ።

ተዋበች፦ አልቀመጥም።

እንድሪስ፦ ቆመሽ ጠጪው እሺ።

ተዋበች፦ ሻይም አልጠጣም። ከጠዋት ጀምሮ ምራቄን እንኳ በቅጡ አልዋጥኩም።

እንድሪስ፦ ተዋቡ፣ ለማያውቁሽ ታጠኚ። ከገባሽ ሦስቴ ቀለድኩ፣ አንዴም ጥርስሽን አላየሁትም። በእኔ ቀልድ ያልሳቅሽው የእናትሽ ለቅሶ ላይ ብቻ ነው፣ እዚያም ፈገግ ብለሻል። ምን ሆነሻል?

ተዋበች፦ ስስቅ ይንቀሳቀሳል ብዬ ነው።

እንድሪስ፦ ምኑ?

ተዋበች፦ ለዘይነባ እንዳትነግራት።

እንድሪስ፦ አልነግራትም። ምኑ ነው የሚንቀሳቀሰው?

ተዋበች፦ ስፒል ዋጥኩ።

እንድሪስ፦ ላ ኢላሀ ኢለላህ። መቼ?

ተዋበች፦ ጠዋት። አስናቀ መኪናውን አስነስቶ ደጄ ላይ ጥሩንባ ያንጫርርብኛል። ልጄ ትርንጎ ወልዳ ትናንት ማታ ነው ከሆስፒታል የገባችው፣ ድሪቶውን ሳትይዝ እንዳትመለስ ብላ ባሏን ኮምቦልቻ ድረስ… ምን ልልህ ነበር?

እንድሪስ፦ ከኮምቦልቻ ልካው መጣ። ከዚያስ?

ተዋበች፦ ከዚያማ ጠርዙን ቀምቅሜ ጨርሼ ልተኩሰው ነው። እንደ ልማዴ ውሃ በአፌ ይዤ እፍ እያልኩ አረጥበዋለሁ። ስሰፋ ስፒሎቹን በከንፈሬ ነው የምይዛቸው፣ ታውቃለህ። ውሃ ከመያዜ በፊት ደግሞ አንድ በአንድ አውጥቼ ደረቴ ላይ እሰካቸዋለሁ። ሃያ ዓመት እንዲያ ስሠራ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ዛሬ ጥሩንባው ሲያዋክበኝ ሁሉንም ያወጣሁ መስሎኝ ውሃ ጨመርኩ፤ ትን አለኝ። ግማሹ ጨርቁ ላይ፣ ግማሹ በጉሮሮዬ። ሳል ሲያጣድፈኝ አስናቀ ገብቶ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና ድሪቶውን አጥፎ ይዞ ሄደ። ከዚያ ስፒሎቼን ብቆጥር አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት ነበሩ።

እንድሪስ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ያን አፍሽን እንደ ቧንቧ አታድርጊው ብዬሽ ነበር እኮ።

ተዋበች፦ ይኸው ካውያ ልገዛ መጣሁልህ። ከእንግዲህ ውሃ በአፌ ብይዝ አፌ ይያዝ።

እንድሪስ፦ ካውያው ይቆየን። ነይ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ። ራጅ ያነሱሻል። ብረት በራጅ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው። የአጎቴ ልጅ ሳንቲም ውጦ የሳንቲሙ ጽሑፍ ሊነበብ ምንም አልቀረው።

ተዋበች፦ ራጅ አልነሳም።

እንድሪስ፦ ለምን? ቢላ የለው፣ መርፌ የለው። ፎቶ እኮ ነው።

ተዋበች፦ ፎቶውን ነው የፈራሁት።

እንድሪስ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ስፒል ሆድ ውስጥ ይዘሽ ባንኮኒ ተደግፈሽ ካውያ ትመርጫለሽ? ያምሻል?

ተዋበች፦ ይወጋኛል። እዚህ ጋ። አዎ፣ ይወጋኛል።

እንድሪስ፦ ቅድም በስተግራ ነበር የያዝሽው።

ተዋበች፦ ይዞራል መሰለኝ። ካውያዎቹ ጋሉ?

እንድሪስ፦ ግለዋል። አንቺ ሴትዮ ልቤን ልታቆሚው ነው።

ተዋበች፦ ይህችን ጨርቅ ያዝ። ከላይ ቁራጭ፣ መሐሉ ጥጥ፣ ከሥር ገበር ነው። ጀርባዬን ላዙርልህና አንዲት ስፒል ውስጡ ደብቅ። የት እንደሆነች እንዳትነግረኝ።

እንድሪስ፦ እንደ ልጅነታችን ድብብቆሽ ልንጫወት ነው?

ተዋበች፦ ደብቅ አልኩህ። እለምንሃለሁ።

እንድሪስ፦ እሺ፣ ይኸው ደበቅኩ። ዙሪ።

ተዋበች፦ መጀመሪያ ሰማያዊውን። ከዚህ ጫፍ ጀመርኩ። ቀስ አድርጌ ነው የምሄደው። ምንም። አሁንም ምንም። ጫፉ ደረስኩ። አለፍኳት እንዴ?

እንድሪስ፦ ሁለቴ ሄደሽባታል።

ተዋበች፦ ከባድ ነው። እንደ ከሰሉ ካውያዬ ያገኘውን ሁሉ ደፍጥጦ ያልፋል። የሚታጠፈውን አቀብለኝ።

እንድሪስ፦ እሱን እንኳ አልመክርሽም። ለአንገትጌ ነው የሚሆነው።

ተዋበች፦ እውነትህን ነው። ከላይ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ታች አይደርስም። ነጩን ስጠኝ።

እንድሪስ፦ እንፋሎቱ እጅሽን እንዳያገኘው። ተዋቡ፣ ምንድነው እንዲህ የሚያስቸኩልሽ?

ተዋበች፦ ዝም በል፣ ልስማበት።

እንድሪስ፦ እሺ ዝም አልኩ።

ተዋበች፦ ቀጭ አለ። ሰማህ? እዚህ ጋ፣ በአፍንጫው ሲነካት ቀጭ አለ። እጄ ላይም ተሰማኝ። ግለጠውና እያት።

እንድሪስ፦ እዚያው ናት።

ተዋበች፦ ተመስገን አምላኬ። ይሄንን ነው የምፈልገው። ጠቅልልኝ፣ ቶሎ በል፣ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሳይሞላ።

እንድሪስ፦ ካውያ ስሸጥ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ስንት ዋት ነው የሚል አለ፣ ገመዱ ረጅም ነው ወይ የሚል አለ፣ አንዱማ እንቁላል ይጠብሳል ወይ ብሎኛል። ስፒል ያገኛል ወይ ብሎ የመጣ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

ተዋበች፦ ጠቅልልኝ።

እንድሪስ፦ ቆይ እስቲ። ስፒሏን ዋጥኳት አልሽኝ።

ተዋበች፦ አዎ።

እንድሪስ፦ ታዲያ ሆድሽን ነው በካውያ የምትተኩሺው?

ተዋበች፦ እንድሪስ፣ ተወኝ።

እንድሪስ፦ አልተውሽም። ሆዷ ውስጥ ስፒል ያለባት ሴት ሐኪም ቤት ነው የምትሮጠው። አንቺ ጨርቅ ውስጥ የተደበቀች ስፒል የሚያሸት ካውያ መርጠሽ ኮምቦልቻ ልትሮጪ ነው። አልዋጥሽም ማለት ነው።

ተዋበች፦ ውጬ ይሆናል። ለምን አልውጥም? ትን ብሎኛል እኮ። ውሃው ወርዷል፣ ስፒሏስ ለምን አትወርድም?

እንድሪስ፦ ግማሹ ውሃ ጨርቁ ላይ ነው ያልሽኝ።

ተዋበች፦ አውቃለሁ ምን እንዳልኩ።

እንድሪስ፦ ተዋቡ፣ ዓይኔን እዪው። ይወጋሻል?

ተዋበች፦ አይወጋኝም። የትም ቦታ አይወጋኝም። ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን እየዳበስኩ ውጊኝ፣ እባክሽ ውጊኝ እላታለሁ። ከእኔ ሆድ ከሌለች የት እንዳለች ታውቃለህ? ድሪቶው ውስጥ ናት። ልጁ ደግሞ እሱ ላይ ነው የተኛው።

እንድሪስ፦ ያ አላህ።

ተዋበች፦ ለዚህ ነው ራጁን የፈራሁት። ሐኪሙ ሆድሽ ንጹሕ ነው ካለኝ አለቀልኝ። ቀኑን ሙሉ ዋጥኳት፣ ዋጥኳት እያልኩ ነው የዋልኩት። ብሞትም እኔ ነኝ የምሞተው፣ ጠግቤ ኖሬያለሁ።

እንድሪስ፦ ልጁ ስንት ቀኑ ነው?

ተዋበች፦ ሦስት። ዛሬ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው በሰባት ወሩ ሆዷ ውስጥ እንደቀረ ታውቃለህ። ሁለተኛዋ የሄደችው በሦስተኛ ቀኗ ነው። ትርንጎ የዛሬዋን ጀምበር ስትቆጥር ነው የሰነበተችው።

እንድሪስ፦ አውቃለሁ። ዘይነባ በዱዓዋ ሁሉ ስሟን ታነሳለች።

ተዋበች፦ ድሪቶውንም እኮ ለዚሁ ብዬ ነው የሰፋሁት። ልጅ ካደገላቸው ቤቶች ሁሉ አንዳንድ ቁራጭ ለምኜ። ባደጉ ልጆች ልብስ ይሞቃል ብዬ። የአንተም ልጅ የመሐመድኑር ሸሚዝ እጅጌ አለበት፣ ዘይነባ ነች የሰጠችኝ፣ ልክ መሐሉ ላይ ነው ያደረግኩት። ጠርዙን ስቀምቅም መሐሉ እንዳይሸሽ እሱ ጋ ነበር ስፒል የሰካሁት። አውጥቻታለሁ ብዬ እምላለሁ፤ ግን ሌላዋን አውጥቼ ይሆናል። አላውቅም። እንድሪስ፣ አላውቅም፣ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።

እንድሪስ፦ አብሽሪ። ቆይ፣ አብሽሪ። ለልጅቷ ደወልሽላት?

ተዋበች፦ አልደወልኩም።

እንድሪስ፦ ከጠዋት ጀምሮ?

ተዋበች፦ አራስ ናት እኮ። ለአራስ ክፉ ወሬ ይነገራል? ደንግጣ ወተቷ ቢደርቅስ? ሁለት የቀበረች ልጅ እኮ ናት፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ልጁ በእንቅልፉ ቢያስነጥስ እሪ የምትል ልጅ። አልጋሽ ላይ ስፒል አለ ልበላት?

እንድሪስ፦ ታዲያ ምን አስበሽ ነው?

ተዋበች፦ ይህችን ካውያ ይዤ እሄዳለሁ። ጠዋት ተቻኩዬ ሳልተኩሰው ነው የላክሁት፣ አምጪው ላሳምርልሽ እላታለሁ። ጥግ ይዤ ከዳር እስከ ዳር እሄድበታለሁ። ቀጭ ስትል አወጣታለሁ። ማንም ሳያውቅ ያልቃል።

እንድሪስ፦ ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ ግማሽ ሰዓት፣ የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዞ እስኪወርድ ሌላ። ከመነኻሪያ እስከ ቤቷ ደግሞ ባጃጅ። ይኼን ሁሉ ሰዓት ልጁ እዚያው ተኝቶ ይጠብቅሻል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብሽ።

ተዋበች፦ ተጋድማ ተኝታ ይሆናል፣ ጥጡ ውስጥ። ላትወጣ ትችላለች።

እንድሪስ፦ ልትወጣም ትችላለች።

ተዋበች፦ አትበለኝ።

እንድሪስ፦ ስልክሽ እየጠራ ነው።

ተዋበች፦ ይጥራ።

እንድሪስ፦ ማነው?

ተዋበች፦ ትርንጎ ናት።

እንድሪስ፦ አንሺያ!

ተዋበች፦ ምን ልበላት? ድምፄን ስትሰማ ታውቅብኛለች። ይኸው፣ ቆመ።

እንድሪስ፦ ለምን የደወለች ይመስልሻል?

ተዋበች፦ ልታመሰግነኝ ይሆናል። ድሪቶው እንዴት እንዳማረ ልትነግረኝ።

እንድሪስ፦ ልጁ ለቅሶ አላቆም ብሏት፣ ጡት አልይዝ ብሏት፣ ምን እንደነካው ልትጠይቅሽ ቢሆንስ?

ተዋበች፦ እንድሪስ፣ እንዲህ አትበለኝ።

እንድሪስ፦ ተቀመጪ። አሁን እንኳ መቀመጥ ትችያለሽ፣ የሚወጋሽ ነገር የለም። ደውዪላት ተዋቡ።

ተዋበች፦ አማቷ እዚያ አለች።

እንድሪስ፦ የውብዳር?

ተዋበች፦ እሷው። ከአራስ ቤቷ አልወጣም ብላ ተቀምጣለች። የልጄ ልጅ ከሱቅ ብርድ ልብስ ጠፍቶ ነው ድሪቶ የሚለብሰው፣ የለማኝ ልጅ ነው ወይ ብላ ነበር። ትርንጎ ናት አፍ ለአፍ የተያያዘችልኝ፣ የእናቴ እጅ ያላረፈበት ነገር ላይ አላስተኛውም ብላ። አሁን ልደውልና እናትሽ ስፒል ሰፍታበት ነበር ልበላት? እዚያች ሴትዮ ፊት? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እድሜዋን ሙሉ ስትሰደብበት ትኖራለች። እኔም ያን ልጅ ሁለተኛ እንድነካው አትተወኝም።

እንድሪስ፦ እንግዲህ ወደ እውነቱ መጣን። ወተቷ መድረቁን አይደለም የፈራሽው።

ተዋበች፦ እሱንም ፈርቻለሁ። ሁሉንም ፈርቻለሁ። ልጁን ፈርቻለሁ፣ ልጄን ፈርቻለሁ፣ አማቷን ፈርቻለሁ። ይሄ እጄ ሌላ ምን ሳላውቅ እንደሠራ ፈርቻለሁ። ደግሞ አንተም እንደ ዳኛ አታፍጥብኝ።

እንድሪስ፦ ልፍረድ ብዬ አይደለም። እኔም ፈራሁ። የልጄ እጅጌ ያለበት ጨርቅ ነው።

ተዋበች፦ አንተ ብትሆን ትደውላለህ?

እንድሪስ፦ እኔ ብሆን ጠዋት አሥራ አንድ ብዬ እንደቆጠርኩ መኪናውን በእግሬ አባርር ነበር፣ ብዬ ብፎክርልሽ ደስ ይለኝ ነበር። አልዋሽሽም። እኔም ዋጥኳት እያልኩ ስዳብስ እውል ነበር።

ተዋበች፦ ታዲያ?

እንድሪስ፦ ታዲያማ አንቺ ወደ እኔ መጣሽ፣ ነገርሽኝ። አሁን ሁለት ነን የምናውቀው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለሽ ሚኒባስ ላይ ብትወጪ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። አስናቀ ስልክ አለው፣ ቁጥሩም እኔ ጋ አለ። ከአንቺ አፍ ቢሰሙት ግን ይሻላል።

ተዋበች፦ ወተቷ ቢደርቅስ?

እንድሪስ፦ ዱቄት ወተት ከሱቅ ይገዛል። ልጅ ግን ከሱቅ አይገዛም።

ተዋበች፦ ስልኬ ላይ ስሟን አላገኘው አልኩ።

እንድሪስ፦ ስልኩን ወዲህ በይ፣ እኔ ልደውልልሽ። ይኸው፣ ትርንጎ ይላል። እየጠራ ነው። ያዢ።

ተዋበች፦ አላነሳችም። አየህ፣ አላነሳችም። ተኝተው ይሆናል።

እንድሪስ፦ ድገሚ።

ተዋበች፦ በኋላ ብደውል…

እንድሪስ፦ ድገሚ ተዋቡ።

ተዋበች፦ እየጠራ ነው። እንድሪስ፣ ከአጠገቤ አትሂድ። እንዴት ብዬ ነው የምጀምረው? ከየት ነው የምጀምረው?

እንድሪስ፦ ከልጁ ጀምሪ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ተዋበች፦ አነሳች… አቤት ልጄ። አቤት ትርንጎዬ። ምንድነው ከጀርባሽ የሚያለቅሰው?… ከመቼ ጀምሮ?… አትደንግጪ፣ አትጩሂም፣ አማትሽም ከሰማች ትስማ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ መጀመሪያ ልጁን ከድሪቶው ላይ አንሺና ደረትሽ ላይ አድርጊው፣ ገላውን በሙሉ እዪው፣ ከዚያ የምትሰድቢኝን ትሰድቢኛለሽ።